ዋጋውን ይንገሩት፦ ለአነስተኛ ነጋዴ ደንበኛን የማግኛና የማቆያ መመሪያ

«ለዋጋው በውስጥ መስመር ያናግሩን።» ቴሌግራም ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዞታል። ገዢም ያውቀዋል፤ ሲያየው ወደሚቀጥለው ቻናል ያልፋል። ነጋዴው ዋጋውን የደበቀው ተፎካካሪ እንዳያይበት፣ ወይም ገዢው መጀመሪያ ወደ ወሬ ይግባልኝ ብሎ ነው። ተፎካካሪው ግን በሌላ ስልክ ገብቶ ከጠየቀ ቆይቷል። ሳያውቅ የቀረው ገዢው ብቻ ነው።

ትንሽ ንግድ ደንበኛ የሚያጣው ሁልጊዜ ዕቃው ስለተወደደ ወይም ማስታወቂያ ስላነሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ገዢው ስንት እንደሚከፍል፣ የት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚደርስለትና ነገሩ ቢበላሽ ምን እንደሚሆን ስላላወቀ ይተወዋል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከነዚህ ጥርጣሬዎች አንዱን ለማንሳት የታሰቡ ናቸው። ምሳሌያችን በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ አዘጋጅታ በሱቅም በስልክም የምትሸጥ አንዲት የባልትና ነጋዴ ትሁን። ልብስ ሰፊ፣ ጋራዥ ወይም ፀጉር ቤት ያለዎት ከሆነ የዕቃውን ስም ቀይረው ያንብቡት።

አንደኛ፦ የሚጠየቁትን ይጻፉ

አንድ ደብተር ይግዙ። ለአንድ ሳምንት ደንበኛ የጠየቀዎትን ሁሉ፣ ከአፉ እንደወጣ፣ ይመዝግቡበት፤ በስልክም በመልእክትም ይምጣ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞም ይጠይቅ። ከጎኑ «ገዛ» ወይም «ሄደ» ብለው ይጻፉ።

ባልትና ላይ የሚመጡት ጥያቄዎች እንዲህ ያሉ ናቸው። በርበሬው የየት ነው፣ የማረቆ ነው? ጨው ገብቶበታል? ሽሮው የአተር ነው የሽምብራ? በጣም ያቃጥላል? ግማሽ ኪሎ ትሸጣላችሁ? አያት ድረስ ታመጣላችሁ? አሜሪካ የሚሄድ ሰው አለኝ፣ አሽጋችሁ ትሰጡኛላችሁ?

ሳምንቱ ሲያልቅ እስከ ዛሬ ሲለጥፉት የኖሩትን ማስታወቂያ ከደብተሩ ጎን አድርገው ያንብቡት። «ጥራቱን የጠበቀ፣ የእናት እጅ የነካው፣ ልዩ ጣዕም ያለው ባልትና» የሚል ከሆነ ከጥያቄዎቹ አንዱንም አልመለሰም። ዕቃዬ ጥራት የለውም ብሎ የሚያስተዋውቅ ስለሌለ ገዢው ይህን ቃል መስማት ካቆመ ሰንብቷል። በምትኩ እንዲህ ብለው ይሞክሩት፦

«የተፈጨ በርበሬ። ዛላው የማረቆ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ገብቶበታል። ጨው አለው፤ ያለ ጨው የሚፈልጉ ከሦስት ቀን በፊት ይዘዙን። ማቃጠሉ መካከለኛ ነው። በግማሽ፣ በአንድና በአምስት ኪሎ ታሽጎ ይገኛል።»

ቅኔ አይደለም። ግን ያነበበችው ሴት ስልክ ሳታነሳ የምትፈልገውን ሁሉ አውቃለች። ዛላው የማረቆ ካልሆነ ደግሞ የማረቆ ነው አይበሉ፤ በርበሬ የሚያውቅ አፍ በአንድ ወጥ ይለየዋል።

ፎቶውንም በዚሁ ዓይን ይዩት። ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶ ሌሎች ሃያ ሻጮችም ለጥፈውታል። የራስዎን ዕቃ ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፊልተር ያንሱ። ፊልተር ያቀላው በርበሬ ቤት ገብቶ ሲፈታ ሌላ ዕቃ የተላከ ይመስላል፤ ቀለም ጨምረውበታል ብሎ የሚጠረጥርም አይጠፋም። ዱቄቱን በነጭ ሳህን ላይ አፍስሰው፣ የታሸገውን ሚዛን ላይ አስቀምጠው ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው ያንሱት። ሚዛኑን ለማሳየት የሚደፍር ሻጭ ጥቂት ነው፤ ገዢ ደግሞ ይህን ያስተውላል።

ሁለተኛ፦ ዋጋውን ከነመለኪያው ያስቀምጡ

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። የቴሌግራም ቻናልዎ የሱቅዎ መስኮት ነው ብለው ይያዙት። ዋጋውን ከመለኪያው ጋር ይጻፉ፤ በኪሎ ነው በጣሳ? ማድረሻ ይጨምራል አይጨምርም? የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ 15 በመቶው ውስጡ አለ የለም? ሂሳብ ሊከፍል ሲል ዋጋ የጨመረበት ሰው ያን ቀን ይከፍል ይሆናል። ሁለተኛ ግን አይመጣም፤ ለጎረቤቱም ያወራል።

«የኛ ሥራ ዋጋው እንደ ሥራው ይለያያል» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ያም ሆኖ የሚለያየው በምን ምክንያት እንደሆነ መናገር ይቻላል። ጋራዥ ከሆነ የፍሬን ሸራ ለመቀየር የእጅ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ሸራውን ራስዎ ገዝተው ቢያመጡም ያው ነው፣ ዲስኩ ከተበላ ግን ሥራ ከመጀመራችን በፊት ደውለን እንነግርዎታለን ብሎ መለጠፍ ይቻላል። ባለመኪናው የሚፈራው ዋጋው መለያየቱን ሳይሆን ሳይነገረው መጨመሩን ነው።

ዋጋ መጨመር ሲመጣ ብዙ ነጋዴ ይደበቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ እንደሚንቀሳቀስ ያልገባው ሸማች የለም። የሚያስቀይመው በድንገት መሆኑ ነው። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲህ ይላኩ፦

«የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ የዛላ በርበሬ መግዣ ስለጨመረ ከጥቅምት 1 ጀምሮ የአንድ ኪሎ በርበሬ ዋጋ ከዚህ ወደዚህ ከፍ ይላል። እስከ መስከረም 30 ያዘዛችሁ በሙሉ በቀድሞው ዋጋ ትረከባላችሁ። ሽሮና ሚጥሚጣ ባሉበት ናቸው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይተዋት። ያልጨመረውን የሚናገር ነጋዴ ስለጨመረው ሲናገር ይታመናል። የመሐከለኛዋ ደግሞ የተጠራጠረውን ዛሬውኑ ያስዝዘዋል።

ስለ ቅናሽ አንድ ነገር ልበል። በየሳምንቱ «ታላቅ ቅናሽ» የሚለጥፍ ሱቅ ደንበኞቹን እንዲጠብቁ እያስተማረ ነው። የጉሊት ሴቶች ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላቸው፤ ዋጋውን ሳይነኩ ከመዘኑ በኋላ ምራቂ ይጨምራሉ። ኪሎው ኪሎ እንደሆነ ይቆያል፣ ገዢውም ደስ ብሎት ይሄዳል። አምስት ኪሎ በርበሬ ለወሰደ ትንሽ ሚጥሚጣ አሽጎ መስጠት ከአሥር በመቶ ቅናሽ ያነሰ ያስወጣል፣ የበለጠም ይታወሳል። ዋጋ ተከራክሮ ሳይገዛ የሄደውንም በመልካም ፊት ይሸኙት። አዋጁ ራሱ ሸማች ዕቃ ስላየ፣ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል።

ሦስተኛ፦ ስልኩ የድርጅቱ፣ አድራሻው የዛሬ ይሁን

ለንግዱ ብቻ የሚሆን ሲም ካርድ በራስዎ ስም ያውጡ። የቴሌግራም አካውንቱም በዚሁ ቁጥር ይከፈት። በሠራተኛ ቁጥር የተከፈተ አካውንት ሠራተኛዋ ሥራ የለቀቀች ዕለት ደንበኛውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መካሰስ ትርፉ ድካም ነው። ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ያስገቡበት፤ «በስህተት ወደ እርስዎ የመጣ ኮድ አለ፣ ይላኩልኝ» ለሚል መልእክትም፣ ላኪው ዘመድዎ ቢመስልም፣ ምንም አይላኩ። ብዙ ቻናል የጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

አድራሻ ስንናገር ሕንጻና ምልክት እንጠቅሳለን፤ የቤት ቁጥር የሚጠይቅ የለም። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የምናውቃቸውን ምልክቶች አንስቷል። ቻናልዎ ላይ የሰፈረው «ከእንትና ካፌ ጎን» ካፌው ከፈረሰ በኋላ ደንበኛን የሚያንከራትት ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ጥሩ አድራሻ ከታክሲ መውረጃ ይጀምራል፤ ከየት ታክሲ እንደሚያዝ፣ የት «ወራጅ አለ» እንደሚባል፣ ከዚያ በየት በኩል ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ፣ ፎቁ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። የካርታ ምልክቱን ከሥሩ ያያይዙ። ደንበኛ መኪና የሚያቆምበት ቦታ ካለ ይህን ሳይጽፉ አይለፉ።

ሱቅ ከቀየሩ በድሮው በር ላይ ስልክ ያለበት ወረቀት ለጥፈው ይሂዱ፤ አዲሱ ተከራይ እንዳያነሳውም ይለምኑት።

አራተኛ፦ መልስ አሰጣጥ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ ገበያ የሚሸሸው በብዛት እዚህ ነውና። በየቀኑ የምናየው ምልልስ ይህን ይመስላል፦

«ሰላም፣ ሽሮ አለ?»
(ከአራት ሰዓት በኋላ) «አለ»
«ስንት ነው?»
(በማግስቱ) «የቱ?»

ሻጯ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ሽሮ እየቆላች ነበር። ገዢዋ ግን ይህን አታይም፤ ከሌላ ገዝታለች። ያው ጥያቄ እንዲህ ሊመለስ ይችል ነበር፦

«እንደምን ዋሉ። አዎ፣ ሁለት ዓይነት ሽሮ አለን። ምጥኑ ኪሎው ይህን ያህል፣ ነጩ ይህን ያህል ነው። ዛሬ እስከ 9 ሰዓት ካዘዙን ነገ ከሰዓት በፊት ይደርስዎታል። የትኛውን ላዘጋጅልዎ፣ ሰፈርዎስ የት ነው?»

ይህ መልስ ያልተጠየቀውንም መልሷል፤ የሚያበቃውም ገዢዋ በአንድ መስመር ልትመልሰው በምትችለው ጥያቄ ነው። በየጊዜው መጻፍ አያስፈልግም። ከደብተሩ ውስጥ ደጋግመው የተጠየቁትን ስምንት ወይም አሥር ጥያቄዎች ይምረጡ፤ መልሳቸውን አንድ ጊዜ በደንብ ጽፈው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩና ያስቀምጡት። ከዚያ ቀድቶ መለጠፍ ብቻ ነው። በዋትስአፕ የሚሠሩ ከሆነ በነጻ የሚገኘው የዋትስአፕ ቢዝነስ መተግበሪያ ዝግጁ መልሶችንና ሱቅ ሲዘጋ ራሱ የሚልከውን መልእክት ያስቀምጥልዎታል።

እጅዎ ሥራ ላይ ከሆነ ሙሉ መልስ እስኪመቸዎት አይጠብቁ። «መልእክትዎ ደርሶኛል፣ እስከ 11 ሰዓት ዋጋውን እልክልዎታለሁ» የሚል አንድ መስመር ገዢን ያቆያል። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ይላኩ።

አጠራር ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «እሺ ውዴ»፣ «የኔ ቆንጆ»፣ «ማሬ» እያሉ ለማያውቁት ሰው መጻፍ ልማድ ሆኗል። የሃምሳ ዓመት ሰው ከማያውቀው ሱቅ «ውዴ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ያስቡ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን አዛውንት ካላወቁ «እርስዎ» የትም አያጣላም። ደንበኛዋ ራሷ «አንቺ በይኝ» ስትል ያን ጊዜ ይለውጡ። ቋሚ ደንበኛ ሲሆኑማ እትዬ፣ ጋሼ፣ እናቴ ማለቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ስልክ ሲያነሱ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ብለው ደዋዩን አይመርምሩ። የሱቁን ስም ይናገሩ፣ የራስዎን ስም ይጨምሩ፣ ምን እንርዳዎ ይበሉ። ሳይነሳ ያመለጠ ጥሪ ካለ ማታ ሱቅ ከመዝጋትዎ በፊት መልሰው ይደውሉ። የድምፅ መልእክት መላክ ለእርስዎ ይቀላል፤ ቢሮ ወይም ታክሲ ውስጥ ላለ ደንበኛ ግን ማዳመጥ ይቸግረዋል። ዋጋና ሂሳብ ቁጥር ሁልጊዜ በጽሑፍ ይሁን።

አምስተኛ፦ ቀጠሮ

ልብስ ሰፊ እንደ ጋራዥ ሁሉ «ነገ ይምጡ» በማለት ይታማል። ነገሩ የክፋት አይደለም፤ ደንበኛ ፊት ቆሞ ሲለምን «አይደርስም» ማለት ይከብዳል። ሽሮ ሜዳ ለጥምቀት የሚለበስ የሀገር ልብስ ያዘዘች ሴት ግን ጥር 10 ማታ ልብሷ ጥለቱ ሳይገባለት ካገኘችው፣ ጥር 12 ላይ በነጻ ቢሰጣትም ጥቅም የለውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በልብዎ ካሰቡት ቀን ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጨምረው ይናገሩ፤ ቀድሞ ከደረሰ ደውለው ያስደስቱ። እንደማይደርስ ካወቁ ደግሞ ደንበኛው ሳይደውል እርስዎ ይደውሉ። መዘግየቱን ከእርስዎ የሰማ ሰው ይናደዳል፤ ራሱ መጥቶ ያወቀ ሰው ግን ይቆርጣል። ከበዓል በፊት «ከዚህ ቀን በኋላ የመጣ ትእዛዝ ለበዓሉ አይደርስም» ብለው ቀኑን በትልቁ ይለጥፉ። የሚቀርብዎ ገበያ የለም፤ እንዲያውም የሚያመነታው ቶሎ ያዛል።

ውጭ አገር ደንበኛ ካለዎት ሰዓት ሲናገሩ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ማለትን አይርሱ፤ በሀበሻ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ለይተው ይጻፉ። ዋሽንግተን ዲሲ ከእኛ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እርስዎ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲደውሉ ደንበኛዋ እንቅልፍ ላይ ናት። ማታ 2 ሰዓት ቢደውሉ እዚያ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ለውጭ የሚሄድ ባልትና ላይ ደግሞ ተጓዡ የሚነሳበትን ቀን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በሁለት ላስቲክ ታሽጎ፣ ምንነቱና ክብደቱ በእንግሊዝኛም ተጽፎበት ይሁን። ሻንጣው ሲፈተሽ ምንነቱ ያልታወቀ ቀይ ዱቄት ለተጓዡ ጣጣ ነው።

ስድስተኛ፦ ክፍያ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ከጀመረ ወዲህ ትንሽ ሱቅም ያለ ጥሬ ገንዘብ መሸጥ ለምዷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበቃል። የሱቁ ስም ሌላ፣ ሂሳቡ ላይ የሚመጣው ስም የእርስዎ ወይም የባለቤትዎ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ «ሲልኩ እገሌ የሚል ስም ይመጣል፣ ትክክል ነው»። ገዢ ያልጠበቀው ስም ሲያይ ተጭበረበርኩ ብሎ ያቆማል። ሁለተኛ፣ ስክሪንሾት ሊቀነባበር ስለሚችል ዕቃ ከመልቀቅዎ በፊት በራስዎ ሂሳብ መግባቱን ይዩ። ግን ደንበኛውን ሌባ አያስመስሉት፤ «ሂሳቡ እንደገባልን ሞተረኛው ይነሳል» ማለት በቂ ነው።

ሰባተኛ፦ ቅሬታ ሲመጣ

ብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አለ። ጉድለት ላለበት ዕቃ ይህ ወረቀት ሕጉን አያሸንፍም። ከላይ በጠቀስነው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ መሠረት ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሕጉን እንተወውና፣ ወረቀቱ ለገባ ሁሉ «እዚህ ዕቃ ይበላሻል» እያለ የሚናገር መጥፎ ማስታወቂያ ነው። ያንሱትና በቦታው «ጉድለት ካገኙ ከነደረሰኙ ይምጡ፣ እንቀይራለን» ይለጥፉ። የሚመልሰው ሰው ከፈሩት በጣም ያነሰ ሆኖ ያገኙታል።

አንዲት እናት ደውለው ሽሮው ውስጥ ጠጠር አገኘሁ፣ ጥርሴን አመመኝ አሉ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣብን መልስ «የኛ ሽሮ ጠጠር የለውም፣ ሦስቴ ነው የሚለቀመው» ነው። ይህ ማለት «ዋሹ» ማለት ነው። ይልቅ እስኪጨርሱ ያዳምጡ፤ በመሐል አይግቡ። ከዚያ፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፤ ጥርስዎ እንዴት ነው አሁን? መቼ የወሰዱት ነው? የቀረውን አይጣሉት፤ ልጁን ዛሬ ልኬ አዲስ ይዞ ይመጣል፣ የድሮውን ይሰጡታል። የዚያን ቀን የተፈጨውን ሁሉ አስፈትሻለሁ፤ ያገኘሁትንም ነገ ደውዬ እነግርዎታለሁ።»

ይቅርታው ቀደመ፣ ስለ ሴትየዋ ጤና ተጠየቀ፣ መፍትሔው ከነቀኑ ተነገረ፣ ሰበብ አልቀረበም። አሮጌውን መልሶ መውሰዱ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ጠጠሩ ከወፍጮው ነው ከአተሩ የሚለውን የሚያውቁት በዚያ ነው። በማግስቱ የገቡት ቃል ይከበር፤ ምንም ባያገኙም ይደውሉ። ይህች ሴት ለዕድርተኛዋ የምታወራው ስለ ጠጠሩ ይሆናል ወይስ ስለተደወለላት ስልክ? የሚወሰነው በዚያ ጥሪ ነው።

ቅሬታው ቻናሉ ላይ በአደባባይ ከተጻፈ አያጥፉት፣ ጸሐፊውንም አያግዱት። አጭር ይቅርታና መፍትሔ እዚያው ይጻፉ፣ ዝርዝሩን ወደ ስልክ ይውሰዱት። ሌላው ሁሉ የሚያየው የእርስዎን መልስ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነ፣ ለምሳሌ በርበሬው እርጥብ ቦታ ተቀምጦ ከሆነ፣ እውነቱን በለሰለሰ ቃል ይናገሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም በማሸጊያው ላይ «ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ብለው ያትሙ። በየሳምንቱ ዕቃ እየተጠቀመ የሚመልስ ሰው ካጋጠመዎት ግን በክብር ያሰናብቱት። ደንበኛ ሁልጊዜ ልክ አይደለም።

ስምንተኛ፦ በዘመን አቆጣጠር መሸጥ

ለትንሽ ነጋዴ ከማንኛውም መተግበሪያ የሚበልጠው መሣሪያ ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይፈጃል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይጀምራል፤ በነዚህ ሁሉ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍና ተልባ ይፈለጋል። ስለዚህ የሽሮ መልእክት መላክ ያለበት ጾሙ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከአሥር ቀን በፊት ነው። በርበሬ በተቃራኒው ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለሠርግ ወራት ይሄዳል። ረመዳንና ሁለቱ ኢዶች በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብለው ስለሚመጡ አምና የተጻፈውን ቀን ዘንድሮ አይድገሙት።

ደመወዝን አይርሱ። የመንግሥት ሠራተኛ የሚከፈለው በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ነው፤ ለጳጉሜን የተለየ ደመወዝ የለም። የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንን፣ እንቁጣጣሽንና የልጆችን ትምህርት ቤት ይሸከማል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ «አምስት ኪሎ ይውሰዱ» ከሚል መልእክት «ለበዓል የሚበቃ ግማሽ ኪሎ» የሚለው ይሻላል። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በመስከረም መጨረሻ የሚከፍሉበት መንገድ ለሚታመን ደንበኛ ቢከፍቱ ደግሞ በደብተር ተፈርሞ፣ ቀኑ ተጽፎ ይሁን።

ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆኑ የገበያው ቀን የሳምንቱ ንጉሥ ነው። በገበያው ዋዜማ ማታ የተላከ መልእክት ይነበባል፤ በማግስቱ የተላከ ግን አይነበብም።

ዘጠነኛ፦ የነበሩትን ይጠብቁ

የደንበኞችዎን ስም፣ ስልክ፣ የሚወስዱትንና መቼ እንደወሰዱ ይመዝግቡ። ሁለት ኪሎ ሽሮ ለቤተሰብ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ከመዝገቡ ማየት ይችላሉ። ሊያልቅ ሲል «ባለፈው የወሰዱት ሽሮ ሊያልቅ ይሆናል፤ አዲስ ፈጭተናል፣ ላስቀምጥልዎ?» የሚል መልእክት ለሺህ ሰው ከሚላክ ማስታወቂያ ይበልጣል። ማንንም ሳያስፈቅዱ ግሩፕ ውስጥ አያስገቡ፤ በወር ከሁለት ጊዜ በላይም የጅምላ መልእክት አይላኩ። የሙሽራ ቀሚስ የሰፉላት ሴት ፎቶዋ እንዲለጠፍ ፈቅዳ እንደሆነ ይጠይቁ።

ደስ ያለው ደንበኛ ደስ ያለው ዕለት ይጠየቅ፦ «ለሌላ ሰው ቢነግሩልኝ ውለታዎን አልረሳም።» ዕቁብና ማኅበር ያላት አንዲት ሴት ይህን ከልቧ ከሰማች ሠላሳ ቤት ታደርሰዋለች። የላከችው ሰው ከገዛ ለእሷ ምራቂ ይሂድላት።

በመጨረሻ፦ የሚከፈልበት ማስታወቂያ

ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ከላይ ያለው ሳይስተካከል ማስታወቂያ መክፈል ብዙ ሰው ጠርቶ ማስቀየም ነው። ሲከፍሉ በትንሹ ይጀምሩና የሚደውለውን ሁሉ «ከየት ሰሙን?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፉ። ለአንድ ቲክቶከር 6,000 ብር ከፍለው 60 ሰው ደወለ፣ ከዚያ 12ቱ ገዙ እንበል። አንዱ ገዢ 500 ብር አስወጥቷል። ከአንድ ግዢ የሚያተርፉት 150 ብር ከሆነ ያ ደንበኛ በድምሩ አራት ጊዜ ካልገዛ ከስረዋል። ይህን ሂሳብ ሳይሠሩ «ታዋቂ ሆንን» ማለት አያዋጣም።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ጥቁር አዝሙድ ወይም ሞሪንጋ ስኳር በሽታን ይፈውሳል ብሎ መለጠፍ ከሕጉም በላይ የሰው ሕይወት ያስጠይቃል፤ መድኃኒቱን ትቶ የእርስዎን ዱቄት የሚጠጣ ሰው ሊኖር ይችላል። «ከኢትዮጵያ አንደኛ» የሚለውንም ይተዉት። የሚያረጋግጠው የለም፣ የሚያምነውም የለም።

ሰፊ ማስታወቂያ ለማሠራት ገንዘብ ከቋጠሩ ለአንድ ወር ያቆዩት። ዛሬ ማታ ሱቅ ሲዘጉ ስልክዎን ይክፈቱ፤ ሳይመለሱ ያደሩትን መልእክቶች ከታች ወደ ላይ ይመልሱ፣ ስለ መዘግየቱም ይቅርታ ይጠይቁ። ከመሐላቸው አሁንም ሊገዛ የሚፈልግ አይጠፋም።